የጥቁሩ መስኮት ቀዳዳ

ታመነ ዮፍታሔን የጠላው ልጁ ገና የሰበታውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ሲረግጥ ነው። ታመነ ቀለም ሲበጠብጥ ጢሙ ሸብቷል። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን «ከስምንተኛ አላለፍክም» ተባለና ወንበሩ ላይ የአዲስ አበባው ልጅ ጉብ አለ። ይሁን፤ ይሄንንስ ዋጥ ያደርገው ነበር። የጥሩዬ ነገር ግን እንዴት ይዋጣል? ከወላይታ መጥታ ማቅለሚያ ገንዳው ላይ የምትሠራዋ ጥሩዬ እሱን «ጋሽ ታመነ» ስትለው አባቷን የምትጠራ ይመስላል። ያንን ልጅ ግን «ዮፊዬ»!

ምሳ ሦስቱም ከአንድ ሰሃን ነበር የሚበሉት። አንድ ቀን ዮፍታሔ እየበላ ወሬ ጀመረ።

«ማሽኑን የማዝበት ጥቁር መስኮት አለ አይደል፣ ተርሚናሉ? ቀዳዳ ተገኝቶበታል። እዚሁ ኮምፒውተር ላይ በራሱ ስም የገባ ማንኛውም ሠራተኛ በኔ ሥልጣን ማዘዝ ይችላል። ከውጭ ግን አይቻልም።»

«ታዲያ አትደፍነውም?» አለች ጥሩዬ።

«መድፈኛው የሚወርደው በኢንተርኔት ነው። ኔት ደግሞ በማስተር ፕላኑ ረብሻ ተቆርጧል። ደግሞስ ማን አለ? እኛው ነን።»

«አብሮ የሚበላ መች ይካካዳል!» ብላ አጎረሰችው። ታመነን ማጉረስ ረሳች።

ሞኙ ልጅ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጦ በቀዳዳው እንዴት እንደሚገባ አሳያቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ የጅማ መንገድ በጎማ ጭስ ታፈነ። ዘበኛው ኦቦ ዳዲ «ዴማ! ዴማ! ውጡ፣ መንገዱ ሳይዘጋ!» እያሉ ሠራተኛውን አስወጡ። ታመነ ጫማውን የሚያስር መስሎ ወደ ኋላ ቀረ። በራሱ ስም ገባ፤ እንዳየው አደረገ። ጥቁሩ መስኮት በዮፍታሔ ስም ተከፈተለት። ገንዳው ውስጥ የነበረውን ሰማያዊ ጨርቅ ሙቀት ከልኩ በላይ ሰቀለው።

ጠዋት ጨርቁ ተጨማዶ፣ እንደ እባብ ቆዳ ዥንጉርጉር ሆኖ ወጣ።

«ትእዛዙ ባንተ ስም ነው» አሉ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ኤልሳቤት።

ዮፍታሔ ታመነን አየት አደረገው። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ቀዳዳ እንዳለው እያወቅሁ ለእርስዎ አልነገርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ዕቃህን ያዝ። ታመነ፣ አንተ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ።»

ጥሩዬ ሽርጧን ፈታች። «ጋሽ ታመነ፣ ትናንት ጫማዎ ደህና ታሰረልዎት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ግድ የለም። ጌታ ያያል።»

«አንቺ ደግሞ ወዴት?» አሉ ወይዘሮ ኤልሳቤት።

«ታክሲ የለም እኮ። ብቻውን አይሂድ።»

ታመነ ወንበሩ ላይ ሆኖ በበሩ አሻግሮ አየ። ሌላ ቀን ቢሆን ልጁ ሚኒባስ ላይ ዘሎ ብቻውን ይጠፋ ነበር። ዛሬ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። እስከ ዓለም ገና፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሁለቱ በእግራቸው ሊሄዱ ነው። የቦርሳውን አንዱን ማንጠልጠያ እሷ፣ ሌላውን እሱ ይዘዋል።

«ታመነ፣ ማሽኑን አስጀምረው እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ኤልሳቤት።

አልሰማም። አንገቱን አስግጎ እስኪሰወሩ ያያቸው ነበር።