በየግላቸው የተፈተኑ ዕለት

በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ምን ያህል ፍሬ እንዳፈራ ለመመዘን ከሞጣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወደ ቢቸና ተላክሁ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ልጄ ትርሲት አክስቷ ዘንድ ሆና እዚያው ትማራለች፤ ለሚኒስትሪ ፈተና የቀራት አንድ ወር ነው። በዚያ ላይ የሚመዘነው ነገር ግማሹ የኔ ነበር።

ተማሪዎች አንድ ለአምስት ይደራጁ፣ አንድ ጎበዝ አምስት ደካሞችን ይያዝ ሲባል፣ ሥራውን የማከፋፈል ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሒሳብ የሚችለው ያስላ፣ ጽሕፈቱ የሚያምረው ይጻፍ፣ አፍ ያለው ወጥቶ ያስረዳ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ፤ ዘዴው ቢቸና ድረስ ደረሰ። ደብተሩ ሁሉ ሞልቶ ሳይ የገባቸው መስሎኝ ነበር።

መምህሩ ይስማው ልጆቹን እንደ ልማዳቸው በየቡድናቸው አስቀምጦ ፈተናውን ሰጠልኝ። አማካዩ ሰማንያ ሦስት መጣ። ደረቴን ልነፋ ትንሽ ሲቀረኝ ወረቀቶቹን አስተያየኋቸው። ሦስት አራተኛና አንድ ስድስተኛ ሲደመሩ «አራት አሥረኛ» ያሉ ስድስት ልጆች አገኘሁ፤ ስድስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ናቸው። ሌላውም ቡድን የራሱ ስሕተት ነበረው፤ ስድስቱም ያችኑ ደግመዋታል።

«ነገ በየግላቸው እንፈትናቸው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎት» አለ ይስማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሪፖርቱ በዚህ ቢያልፍ ለሁላችንም ይሻላል።»

ተቆጣሁት። በማግስቱ በትኜ ፈተንኳቸው፤ አማካዩ ሃያ ስድስት ሆነ። ትናንት ዘጠና ያመጣችው ትርሲት ጥያቄዎቹን አሳምራ ገልብጣ፣ የመልሱን ቦታ ባዶውን ትታዋለች።

ከሰዓት በኋላ አክስቷ ቤት በረንዳ ላይ አስቀምጬ፣ ትናንት ዘጠና እንዴት እንዳመጣች ጠየቅኋት።

«የቡድናችን ጎበዝ ነጅዋ ትሠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ» አለች። «ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጸሐፊ አደረጉኝ እኮ አባዬ። ዘዴው የአባትሽ ነው እያሉም ያሞግሱኛል።»

ምንም ነውር አልታያትም። ልቆጣት ቃጣኝ፤ የምቆጣው ማንን ነው? በሪፖርቱ እውነቱን እጽፋለሁ፣ የኔንም ስም አልደብቅም። ግን ሪፖርቱ ለሷ ምን ይፈይድላታል? ሁለት ዓመት ያልተማረችውን በአንድ ወር ካላስተማርኳት ልጄ መውደቋ ነው፤ የምትወድቀውም በኔ ምክንያት ነው።

«በይ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር» ብዬ ደብተር ከፈትኩላት። «አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ።»

ትርሲት ጥያቄውን በጥንቃቄ ጻፈች። የክፍልፋዮቹን መስመር በማስመሪያ አሰመረች፤ የእኩል ምልክቱንም አስከተለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን እንደ ያዘች ቀና ብላ፣ መልሱን እንድነግራት ጠበቀችኝ።