አንገት ደፊዋ አመልካች

የልብስ ሰፊው ልጅ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጥታለች፤ ሕክምና ኮሌጅ ለመግባት የቀራት ቃለ መጠይቁ ብቻ ነበር። ከሷ በፊት የገባው የኮሌጁ ዲን ወዳጅ ልጅ ትከሻውን ቸብ ቸብ ተደርጎ እየሳቀ ወጣ።

«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» አሏት ዲኑ።

እነሱ ቤት ራስን ማወደስ ነውር ነው። አንገቷን ደፍታ፣ «ስለ እኔስ አስተማሪዎቼ ቢናገሩ ይሻላል፣ ጋሼ» አለች።

ዲኑ ጎናቸው ወዳሉት መምህር ዞረው፣ «በራስ መተማመን የሚባል አልፈጠረባትም፤ ትቅርብን» ሲሉ ሰማች። ደሟ ፈላ። ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ «ያን ውጤት ያመጣሁት እንቅልፍ አጥቼ ነው። እዚህ የሚታረመው ወሬ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

«አያችሁልኝ?» አሉ ዲኑ፣ ብዕራቸውን እየከደኑ። «ጭራሽ ባለጌም ናት።»