መርፌው የዘለለው ስንኝ

ነግረዋት ብትሄድባቸውስ? ሳይነግሯት ቀርተው በሰው ፊት ብትዋረድስ?

አያት ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ይዘውት ሲዞሩ አረፈዱ። ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው መስኮቱ ሥር ቆማ ሸሚዟን ትተኩሳለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትፈተናለች። ከከተማ ከተማ እየዞረ የድሮ ዘፈን የሚጫወት ባንድ ድምፃዊት ይፈልጋል። ካለፈች በሳምንቱ ከባንዱ ጋር መንገድ ትጀምራለች። ከወደቀች ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራዋ ትመለሳለች፤ ማታ ማታም እቤቷ ትገባለች።

የመረጠችው ዘፈን ደግሞ የሳቸው የወጣትነት ዘፈን ነው።

አያት ኮረዳ ሳሉ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ይሰፉ ነበር። በዚያ ዘመን ፀጉራቸውን ያንጨባረሩ አራት ጎረምሶች ያቋቋሙት የሮክ ባንድ ሁለት አልበም አወጣ፤ አያትም ሁለቱንም ሸክላ በወጡበት ሳምንት ገዙ። ሦስተኛው ሲመጣ ግን አንዴ ሰምተው ለጎረቤት ሰጡት። «ፀጉራቸውን ተቆረጡ፤ ድምፃቸውም አብሮ ተቆረጠ» ይላሉ እስከ ዛሬ። የኋለኞቹ አልበሞች በየስልኩ ሞልተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን ባንዱና አሳታሚው ተጣልተው እንደገና ያሳተማቸው የለም። ፈታኞቹ የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ዘፈኖቹን ከነትንፋሻቸው ያውቋቸዋል።

ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት፣ አንድ እሁድ፣ የሚፈላ ድስት ልትነካ ስትንጠራራ አያት ዘለው ያዟት። ክርናቸው የሸክላ ማጫወቻውን ገጨው፤ መርፌው ሸክላውን ቧጨረው። ከዚያ ወዲህ የሁለተኛው አልበም ሦስተኛ ዘፈን መሀሉ ላይ ሲደርስ «ጧ» ይልና አራት መስመር ዘሎ አዝማቹ ላይ ያርፋል። ቤቱ ሁሉ ለመደው። ዕቃ እያጠቡ ሲያንጎራጉሩትም እዚያችው ቦታ ላይ ይዘላሉ። ልጅቷማ ትንሽ ሳለች «ጧ»ዋን በምላሷ ታስገባበት ነበር። ዘፈኑ እንዲያ የተሠራ መስሏት አደገች። አያትም አላረሟትም፤ መጀመሪያ ስለሚያስቃቸው፣ በኋላም ረስተውት። ከትናንት ወዲያ ይህንኑ ዘፈን መምረጧን ስትነግራቸው ግን ልባቸው ድንግጥ አለ። ወዲያው ደግሞ የሚያሳፍር ሐሳብ መጣባቸው፤ ዝም ካልኩ ትወድቃለች፣ ከወደቀች አትሄድም።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትንቆራጠጪው?» አለች ልጅቷ።

«ምሳ በልተሻል?»

«ሁለቴ ጠየቅሽኝ፤ ሁለቴ በላሁ።»

«መኪናውን የሚነዳው ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው?»

«የቱን መኪና? ገና ሳላልፍ?»

«ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል እኮ።»

አንድ ጆሯቸው የማይሰማው ባለቤታቸው፣ ጡረተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከጋዜጣቸው ጀርባ «ተያት፤ አሁን ሹፌሩን እየፈተነችው ነው» አሉ።

ልጅቷ ስቃ ሸሚዙን እየገለበጠች መዝፈን ጀመረች። ሻካራ ቢጤ ናት ድምፅዋ፤ አያትን ወደ ፋብሪካው የምትመልስ ድምፅ። መሀሉ ላይ ስትደርስ ዘለለች፤ ሳትጠራጠር፣ በሙሉ ልቧ። አያት ፈታኞቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አንዱም ሳቁን በእጁ ሲሸፍን በሐሳባቸው ታያቸው። አያት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይጎድላል» አሉ።

«ምኑ?»

«ዘፈኑ። አራት መስመር። ሸክላውን የቧጨርኩት እኔ ነኝ፤ ሕፃን ሆነሽ ከድስት ላስጥልሽ ስል።»

ልጅቷ ካውያውን አቆመችው። «ትናንት አሥር ጊዜ ስለማመድ እዚህ ቁጭ ብለሽ ነበር እኮ።»

አያት ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። «በይ ዝፈኚው» አለች።

አያት ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ከማዶ የሚበራው መብራት የማን ይሆን፣
ቆሜ ከምገምት ሄጄ ባየው ምን ይሆን…»

ሦስተኛው ላይ ቀጥ አሉ። ሃያ ዓመት ያልተነካ ነገር ከየት ይምጣ። ፋብሪካው መጣላቸው፤ የኮሌታው ክምር፣ አጠገባቸው ትሰፋ የነበረችው ጓደኛቸው፣ ይህንኑ እያንጎራጎሩ ተቆጣጣሪው ብቅ ሲል አፋቸውን የሚገጥሙት። ቃሉ ግን አልመጣም። «ጠፋኝ» አሉ። «ጠፋኝ፣ ልጄን አጠፋኋት።»

ያኔ ከጋዜጣው ጀርባ፣ የቆጣሪ ንባብ በሚመስል ደረቅ ድምፅ፣ እንዲህ ተባለ፦

«እናቴ ብትጠይቅ ‹ይመጣል› በሏት፣
መብራቱን ሳላየው አልመለስም ቤት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ስትዘፍነው ሰምቼህ አላውቅም» አሉ አያት።

«መች ተራ ሰጠሽኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ገጽ እየገለበጡ።

«ድገሙልኝ» አለች ልጅቷ። ደገሙላት፤ አያት በዜማ፣ ሽማግሌው በንባብ። በሦስተኛው ሸሚዟን እየቆለፈች አብራቸው አለችው። አንድ ቃል ሳተች፤ አያት አረሟት። በአራተኛው አልሳተችም።

«ተቀይመሽኛል?» አሉ አያት።

ልጅቷ እጇን አንስታ «ቆዪ» የማለት ምልክት ሰጠቻቸው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አፏን ለሌላ ነገር ብትከፍት አራቱ መስመሮች የሚያመልጧት ይመስል።

«ጃኬት ያዢ። ስትደርሺ ደውዪ። ሹፌሩንም…»

ልጅቷ መስመሮቹን በጣቶቿ እየቆጠረች ጫማዋን አጠለቀች፤ በሩን ገፋ አድርጋ ወጣች።