ያው አንድ ቅጠል

ዊልማ ታኬት ጠዋት ጠዋት የምትነቃው በባሏ ፉጨት ነበር። ክሎቪስ ጎህ ሲቀድ ወደ ኋላ በረንዳ ይወጣና በከንፈሩ ብቻ ረጅም ፉጨት ያፏጫል። ድምፁ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ሲደርስ፣ ውሻቸው ጁኖ ካደረችበት ቁጥቋጦ ወጥታ ሽቅብ ትሮጣለች። ያኔ ዊልማ ትነሳለች። ምድጃውን ታቀጣጥላለች፣ ትንንሽ ዳቦ ትጋግራለች፣ የቋሊማ መረቅ ትሠራለች። ክሎቪስ ይገባና ወገቡን ደግፎ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። በጉልምስናው ትምባሆ ሊሰቅል ማድረቂያ ጎተራው አግዳሚ ላይ ወጥቶ ወድቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወገቡ የራሱ ሆኖ አያውቅም።

ያን ቀንም እንዲሁ ነበር።

«እንዴት አደርክ?» አለችው መረቁን እየጨለፈች።

«እንደ ድንጋይ!» ከደረት ኪሱ ቬፑን አውጥቶ አሳያት። «ከዚች ሁለቴ ሳብኩና ጭልጥ።»

እስክሪብቶ የምታህል ነገር ናት። ውስጧ ሲቢዲ አለ፤ የሐሺሽ ዘመድ ከሆነው ከሄምፕ ተክል የሚወጣው፣ የማያሰክረው። ባትሪዋ ያሞቀዋል፣ እንፋሎቱን ይስቡታል። የትምባሆ ገበያ ከሞተ ወዲህ የአካባቢው ገበሬ ግማሹ ሄምፕ ዘርቷል፤ ክሎቪስም የወንዙን ዳር ማሳ ለሄምፕ ዘሪ አከራይቷል።

«እሱ ነው ያስተኛህ ወይስ ያስተኛኛል ብለህ ስላመንክ?»

«አንዴ ከተኛሁ ምን ልዩነት አለው? አንቺ ሴት፣ ጡረታ ወጥተሽም ፈተና ታወጫለሽ!»

ዊልማ ዕድሜዋን ሙሉ በካውንቲው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተማረች ናት። «ፒፓውን ያስጣልኩህ ሌላ እንድትስብ አልነበረም። የሲቢዲውን ጠብታ ምላስህ ሥር አድርግ ብዬሃለሁ።»

«ጠብታ የሕፃን ነው። እኔ የትምባሆ ሰው ነኝ። ካልሳብኩት የወሰድኩ አይመስለኝም።»

ቬፑ አልቆበት ስለነበር ከቁርስ በኋላ መኪናውን አስነስቶ ወደ ዱዌን ፕሩዊት ሱቅ ሄደ። የሚሳበው ፈሳሽ የለም፤ የጭነት መኪናው አልመጣም። ይዞ የተመለሰው የጠብታ ጠርሙስ ነበር። ዊልማ መደርደሪያው ላይ ስታየው ደስ አላት። በየሳምንቱ እየጎደለ ሲሄድ፣ ባልየው በስተርጅና ምክር መስማት ጀመረ ብላ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ምላሱ ሥር የሚያደርገው መስሏታል።

ቅጠል ወድቆ ሳያልቅ ክሎቪስ ከበረንዳው እስከ መኪናው መሄድ አቃተው። ብርድ ነው አለ። ከንፈሩ ሲጠቁር ጊዜ ዊልማ ጎትታ ሌክሲንግተን ከተማ ሆስፒታል ወሰደችው። ሳንባውን በቱቦ አጠቡት፤ የወጣው ውኃ ላይ ስብ ተንሳፍፎ ነበር። ዶክተር ባላክሪሽናን የምትባል ወጣት የሳንባ ሐኪም ወደ ኮሪደር ጠራቻት።

«ምንድን ነው ሲስብ የነበረው?»

ዊልማ ቤት ተመልሳ ቬፑንም ጠርሙሱንም አመጣች። ዶክተሯ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስታ አየችው።

«ይሄን ነው እዚህ ውስጥ የሚሞላው?»

«ምላሱ ሥር የሚያደርገው መስሎኝ…»

«እኔ ተክሉን አልጠላም፣ ወይዘሮ ታኬት። የሚጥል በሽታ ላለባቸው አንዳንድ ልጆች በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ የሲቢዲ መድኃኒት አለ፤ ይረዳቸዋል። ለወገብ ሕመም ግን ማስረጃው ገና ቀጭን ነው። ሞቆ ሳንባ ውስጥ ሲገባ በዓመታት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በቅጡ ያጠናው የለም። ይሄኛው ግን ምንም ጥናት አይፈልግም። የተበጠበጠው በኮኮናት ዘይት ነው። ዘይት ሆድ ይፈጨዋል፤ ሳንባ አይፈጨውም።»

ክሎቪስ የአየር መስጫው ከአፉ ላይ ዘወር ባለበት አጭር ጊዜ ውስጥ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ «ዱዌን ያው ነው ብሎኝ ነው። እኔም ያው መሰለኝ። ያው አንድ ቅጠል አይደል?»

ከሆስፒታል አልወጣም።

ለቀብሩ ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ ይዞ መጣ። ዱዌን ፕሩዊትም እናቱ በስኳር የጋገረችውን ስኳር ድንች በመስታወት ሳህን ተሸክሞ መጣ፤ እንደ ወጉ ሳህኑ ሥር በፕላስተር ላይ የቤተሰቡ ስም ተጽፏል። ወፍራም እጁን ዊልማ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

«ጊዜው ደረሰ፣ ቲቸር። ያን ሁሉ ዘመን ፒፓ አጭሶ፣ ሳንባው እስከ ዛሬ መቆየቱም ተአምር ነው።»

ሰው ያያታል። «አመሰግናለሁ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ቃል ከሁሉም አፍ ሰማችው። ፓስተሩ ፒፓውን አነሳ። የክሎቪስ እህት ፒፓውን አነሳች። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ እንኳ «አይ ፒፓ!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ክሎቪስ ለእሷ ሲል የጣላትን ፒፓ! ሰውየው ሞቶም ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ቀረ። ዊልማ ባሏ ሲሞትባት እንደምታለቅስ ታውቅ ነበር፤ እንዲህ ጥርሷን እንደምትነክስ ግን አታውቅም ነበር።

የሰው ሳህን አጥቦ መመለስ ግድ ነው፤ ባዶውን መመለስ ደግሞ በዚያ አገር ነውር ነው። ኬክ ይደረግበታል፣ ካልሆነ ጥቂት ቲማቲም። ዊልማ የሌላውን ሰው ሁሉ ሳህን እንዲሁ አድርጋ መለሰች። የፕሩዊቶች ሳህን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ከረመ። አንድ ቀን ጠዋት አነሳችው፤ የሚገባበትን ከተተችበት፤ በንጹሕ ፎጣ ሸፈነችውና መኪናዋ ውስጥ ገባች።

የዱዌን ሱቅ ድሮ የትምባሆ ጨረታ አዳራሽ ነበር። ስትገባ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን የምትመታውን ኦሌታ ግረብስን ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አገኘቻት። ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተቆልምመዋል።

«ቲቸር!» አለ ዱዌን ቆቡን እያነሳ። «ምነው ተቸገሩ? እኔ ራሴ መጥቼ እወስደው አልነበር ሳህኑን?»

«እኔው ላምጣው ብዬ ነው። ኦሌታ፣ ምን ልትገዢ ነው?»

«ለነዚህ ጣቶቼ ነዋ፣ እህቴ! ጥቁሮቹን ቁልፎች መምታት አቅቶኝ እኮ ያለፈው እሑድ መዝሙሩ ሲያነክስ ዋለ። የሚሳበው አልቋል፤ ይሄን ቬፕሽ ውስጥ ሙዪ አለኝ። ያው ነው አለ።» የጠብታውን ጠርሙስ አሳየቻት።

ዊልማ ሳህኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከቀብሩ በኋላ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ያንኑ ቃል ለሌላ ሰው!

ፎጣውን አነሳች። ኬክ የጠበቀችው ኦሌታ ጎንበስ አለች። ሳህኑ ውስጥ ያለው የክሎቪስ ቬፕና ግማሹ የጎደለ ጠርሙስ ነበር።

«ለክሎቪስም እንዲህ ብለኸው ነበር?»

«ቲቸር፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«ሐኪም ነህ ወይ አላልኩህም። ብለኸዋል ወይ?»

«ያው አንድ ቅጠል ነው እኮ!» ዱዌን እጆቹን ዘረጋ። «አያቴ ትምባሆውን ያኝከዋል፣ የአያቴ ሚስት ሱረት ታደርገዋለች፣ አባቴ ይጠቀልለዋል። ከአንድ ጎተራ! ማን ምን ሆነ?»

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቅጠል ብቻ ነው? በምን ነው የተበጠበጠው? አንብበው።»

ዱዌን ከሳህኑ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «የኮኮናት ዘይት። እና? ሰው ይበላው የለም እንዴ?»

«ይበላዋል! በምኑ ነው የሚበላው? ኋላ ወንበር ተቀምጠህ በመስኮት ስታይ ያስተማርኩት እሱን ነበር። ሳንባ ምን ይቀበላል?»

«አየር…»

«ዘይትስ?»

ዱዌን ጠርሙሱን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ቀብሩ ላይ ጊዜው ደረሰ አልከኝ። በሰው ፊት፣ እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርገህ። ጊዜው አልደረሰም ነበር፣ ዱዌን!»

«ሰው ልጎዳ ብዬ አይደለም!» ብሎ ጮኸና ሳል ያዘው። ደረቅ፣ ረጅም፣ ጎንበስ የሚያደርግ ሳል። ቀና ሲል ዓይኑ አቅርሯል። ከኪሱ የራሱን ቬፕ መዥርጦ አወጣና ባንኮኒው ላይ ጣለው። «መርዝ ቢሆን እኔ እስበው ነበር? ካለፈው በጋ ጀምሮ እኔም የምሞላው ይሄንኑ ነው!»

ዊልማ የመጣችው ውሸታም ይዛ ልታጋልጥ ነበር። ያገኘችው አላዋቂ ነው። ንዴቷ አልበረደም፤ የሚያርፍበት ቦታ ጠፋው እንጂ። ይሄም አናደዳት።

«ማሳል ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ብርድ ነው።»

«ክሎቪስም ብርድ ነው ብሎ ነበር።»

ኦሌታ ጠርሙሱን ቀስ አድርጋ ባንኮኒው ላይ መለሰች። «ዱዌን፣ የኔ ልጅ፣ እናትህ ታውቃለች እንዴ ማሳልህን?»

ዱዌን ሌላ ሳል በክርኑ ሸፈነ።

«ለኦሌታ ንገራት» አለች ዊልማ። «በራስህ አፍ።»

ዱዌን ቆቡን በእጁ ሲያዞር ቆየ። «የምላስ ነው፣ ሚስ ኦሌታ። ቬፕ ውስጥ አይገባም። ይገባል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለማን?»

«ለሚስተር ክሎቪስ።» ቆቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ለሚስተር ክሎቪስም ብያቸዋለሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት ነበር የመጣችው። ከሰማችው በኋላ ምን እንደምታደርገው ግን አላሰበችበትም። ዱዌን ሳይነገረው ዞሮ ጠርሙሶቹን ከቬፖቹ መደርደሪያ ላይ አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር። ዊልማ እጇን ዘርግታ የራሱን ቬፕ ከባንኮኒው አነሳችና ከክሎቪስ ቬፕ ጎን ሳህኑ ውስጥ ጣለችው።

«ነገ ጠዋት ሌክሲንግተን ትሄዳለህ። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ብቻህን እንደማትሄድ አውቃለሁ። በዚያው ለዶክተሯ የሸጥክላቸውን ሰዎች ስም አንድ ሳታስቀር ትነግራታለህ።»

«ቲቸር፣ ይቅር ይ…»

«አላልኩም» አለችው። «ጠዋት ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ።»

በማግስቱ ዊልማ በራሷ ጊዜ ነቃች። ምድጃውን አቀጣጠለች፤ ለመንገድ ሁለት ዳቦ በመረቅ ቀብታ በወረቀት ጠቀለለች፤ አንዱ ለማን እንደሆነ ማሰብ አልፈለገችም። ኮቷን ለብሳ ወደ ኋላ በረንዳ ወጣች። ወንዙ ዳር ጉም ተኝቷል። ጁኖን በስሟ ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። ውሻዋ በስሟ ተጠርታ መምጣት አልለመደችም፤ ዊልማም ማፏጨት አትችልም።

ያ ፉጨት የለም።