የእሁዱ ሰውዬ

“ያጠብሽውን ብርጭቆ ነው እንደገና የምታጥቢው” አለች አክስቷ፣ ብርጭቆውን ከእጇ እየወሰደች። “ይልቅ ሂጂና ከሰው ጋር ቁጭ በዪ።”

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ሳሎን ሄደች። ሶፋው ወደ ግድግዳው ተገፍቷል፤ መሃሉን ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች ሞልተውታል። ከምትሠራበት መነጽር ቤት የመጡት ባልደረቦቿ “በርቺ” አሏት። “እሺ” አለች። አያቷ ከተቀበሩ ወዲህ ለሁሉም እሺ ነው የምትለው። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች።

“አላለቀሰችም እኮ” አለች አንዷ ከኋላዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ድንጋጤ ነው። ኋላ ነው የሚታወቃት።”

“ያሳደጓት እሳቸው አይደሉ እንዴ?”

ልጅቷ ሰምታለች። ስለማታውቀው ሰው የሚያወሩ ያህል ነበር።

አያቷ ማክሰኞ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆመው ጢማቸውን ሲላጩ ነው የወደቁት። ሳሙናው ግማሽ ፊታቸው ላይ እንዳለ ነበር። እስኪያልፉ ድረስ እጃቸውን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳሙናውን በፎጣ ጠረገችላቸውና አክስቷ ጋ ደወለች። “ነይ” ብቻ ነው ያለቻት። ለዘመድም ለጎረቤትም የተናገረችው አክስቷ ናት።

ሰዉ ዝም ሲል አክስቷ ጨዋታ ለማምጣት ብላ ስለ ሟቹ እሁዶች ማውራት ጀመረች። ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ይላቸው የነበሩት አያት ስለ ጦርነት ትንፍሽ አይሉም። እሁድ እሁድ ግን ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መዶሻና ፒንሳ በከረጢት አንጠልጥለው ይወጣሉ።

ልጅቷም ታስታውሳለች። ትንሽ ልጅ ሳለች ካፖርታቸውን ይዛ ትጎትት ነበር።

“የት ነው የምትሄደው አባባ?”

“ዘመድ ጋ።”

“እኔ የማውቀው ዘመድ?”

“አንቺ የማታውቂው።”

“ሌላ ሚስት አለችው እል ነበር” አለች አክስቷ። “ጥሩ አልገጠመችውም እንጂ፤ በእረፍቱ ቀን ምስማር ታስመታዋለች።”

ሰዉ ሳቀ። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ሃምሳ አለቃው ወታደር ሳሉ የጦሩ ሾፌር የነበሩ ናቸው።

“ሚስት አይደለችም” አሉ ሾፌሩ። “መርዶ ያደረሰባቸው ቤቶች ናቸው።”

“የምን መርዶ?” አለች አክስቷ።

“ውጊያው ሲያልቅ የሞቱትን ለየቤተሰባቸው እንዲናገር የታዘዘው እሱ ነበር። እኔ እነዳለሁ። መኪናችን ስትታይ ሰው በሩን ይዘጋል። እኔ ቶሎ እንድንሄድ ሞተር አላጠፋም፤ እሱ ግን ገብቶ ይቀመጣል። ‘ጠፍቷል’ አይልም፣ ‘አልተገኘም’ አይልም። ‘ልጅዎ ሞቷል’ ነው የሚለው። ምናለ ትንሽ ብታለሰልሰው ስለው፣ ‘ካለሰለስኩት እናትየው ዕድሜዋን ሙሉ በር በር ስታይ ትኖራለች’ አለኝ።”

“እሁዱስ?”

“ይመለስባቸዋል። ጣሪያ የሚያፈስባቸው አሉ፣ በራቸው የተገነጠለ አሉ፤ የሚጠግን ልጅ የላቸውም። ኋላ ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ሰፈር ቀየረ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ቀረችው። እሷ ደግሞ አንድ ቀን ከፍታለት አታውቅም። ‘ውሸታም፤ ልጄን ይዘህ ስትመጣ እከፍትልሃለሁ’ ነው ያለችው። ደጇ ላይ ትንሽ ተቀምጦ ይመለሳል።”

“ይህን ሁሉ ዓመት?” የአክስቷ ሳቅ ከፊቷ ጠፍቷል።

“ይህን ሁሉ ዓመት።”

ልጅቷ እናቷ የሞተችበት ሰሞን ትዝ አላት። ዘመድ ሁሉ እናትሽ ሩቅ አገር ሄዳለች፣ ትመጣለች ይላት ነበር። አያቷ ግን ወለሉ ላይ ፊት ለፊቷ ቁጭ አሉና “እናትሽ ሞታለች። አትመጣም። እኔ አለሁ” አሏት። ደረታቸውን በቡጢ ስትደበድብ አልከለከሏትም። እንቅልፍ እስኪወስዳት ከወለሉ አልተነሱም። ለረጅም ጊዜ ጨካኝ ሰው ይመስሏት ነበር። አሁን ይህን ስታስብም የተሰማት ነገር አልነበረም፤ እግሯ ስለደነዘዘ ብቻ ወንበሩ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

በማግስቱ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጎረቤት ገብቶ፣ “አንዲት እናት ውጭ ቆመዋል፤ ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉኝ” አለ። ልጅቷ ወጣች።

ከብረት በሩ ወዲያ የቆሙት ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

“የሃምሳ አለቃው ቤት ይሄ ነው?”

“አዎ እማማ፣ ይግቡ።”

“አልገባም። ሰውዬው ዛሬ ለምን ቀረ?”

ልጅቷ ማን እንደሆኑ ገባት።

“ጠዋት ወንበር አውጥቼለት ነበር” አሉ ሴትዮዋ። “ሁልጊዜ ደጅ አወጣለታለሁ። እሱ ይቀመጥበታል፤ እኔ ከውስጥ እሰማዋለሁ፤ ከዚያ ይሄዳል። ዛሬ ፀሐዩ ወንበሩን አልፎ ሄደ፣ እሱ የለም። ሰው ጠይቄ ጠይቄ መጣሁ።” ከልጅቷ ትከሻ በላይ ግቢውን አዩ። “ሰዉ ምነው በዛ?”

አክስቷ ከኋላ ደርሳ ነበር። “ትንሽ አሞት ነው እማማ። መጀመሪያ ይግቡና ትንሽ አረፍ…”

“ሞተ” አለች ልጅቷ።

አክስቷ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

“አባባ ሞተ፣ እማማ። ማክሰኞ ጠዋት።” ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ሴትዮዋ የበሩን ብረት ያዙ። መንገድ ላይ አንድ መኪና አለፈ።

“አይተሻል?”

“አይቻለሁ። እጁን ይዤ ነበር።”

“ይዘሽው ነበር?”

“አዎ።”

“እሱም ስለ ልጄ እንዲሁ ነው ያለኝ” አሉ ሴትዮዋ። “እጁን ይዤ ነበር አለኝ። ውሸታም አልኩት።”

አላለቀሱም። ዓይናቸው የልጅቷ ሹራብ ላይ አረፈ፤ አዝራሮቹ ያለ ቦታቸው ተቆልፈው አንዱ ጎን ወደ ላይ ተሰብስቧል።

“እንዲህ ሆነሽ ነው የዋልሽው?”

የበሩን ብረት ለቀቁና ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገቡ። አዝራሮቹን ሁሉ ፈቱ፤ ከዚያ ከታች ጀምረው፣ በየቀዳዳው እየፈለጉ፣ ቀስ ብለው ይቆልፉላት ጀመር። አንገቷ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ እንዲመቻቸው ብላ አገጯን ቀና አደረገች።