የማዶው ስም

በእኛ አገር በዌስትፋሊያ ስም የሚወረሰው ከእርሻው ነው። እኛ ዲክሆፍ ነን፤ ኩሬው አጠገብ ያለው እርሻ ማለት ነው። ኩሬው በአያቴ ዘመን ደርቆ ጎመን ተተክሎበታል፤ ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም። እርሻውን የምትወርሰው ሴት ከሆነች፣ የሚያገባት ወንድ የአባቱን ስም ደጅ ጥሎ ይገባል።

አባቴ የገባው እንዲህ ነው። ሲወለድ ስሙ ያን ኦስትሁስ ነበር፤ ኦስትሁስ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ቤት ማለት ነው። ያ ቤት ከጅረቱ ማዶ ነው፣ ጭሱ ከእኛ ደጅ ይታያል። አባዬ ከዚያ ይዞ የመጣው የንብ ቀፎ ብቻ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የገዛ ወንድሙ እንኳ፣ «ዲክሆፍ፣ አጃህ እንዴት ነው ዘንድሮ?» ይለዋል። አባዬ ይመልስለታል። አመሻሽ ላይ ቀፎዎቹ ዘንድ ቆሞ የማዶውን ጭስ ያያል። እኔ ስም በሚያስጥለው በዚህ ልማድ ደሜ ይፈላ ነበር።

ባለፈው መኸር ሳንባውን ታመመ። እናቴ ሾርባ ስታጠጣው እጇን ያዛት።

«አላይድ፣ አንዴ በስሜ ጥሪኝ።»

«ዲክሆፍ። ጠራሁህ።»

«በአባቴ ስም።»

«ሾርባው ሳይበርድ ጠጣ፣ አንተ ሰውዬ። ሁለት ስም ከገባ ነገ ሁለት አባወራ ሊሆን ነው። አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይመጣብኛል።»

«ይምጣ፤ አጃ ያጭድልናል።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እናቴ ከማዶ ስትጣራ እሰማ ነበር» አለ። «ድምጿ ናፈቀኝ።»

እናቴ ሳህኑን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሞተ። በእኛ ዘንድ ባለቤታቸው መሞቱ ካልተነገራቸው ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ የምትነግራቸውም የቤቱ እመቤት ናት። እናቴ ጥቁር ሻሿን አስራ ወጣች፤ ተከተልኳት። የመጀመሪያውን ቀፎ በቤቱ ቁልፍ መታ መታ አደረገችው።

«ያን ኦስትሁስ ሞቷል» አለች።

በሕይወቴ ኦስትሁስ የሚለውን ስም ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ወደሚቀጥለው ሄዳ ደገመችው። የአባዬ ንቦች ተዋልደው ቀፎው አጥሩን ሞልቶታል፤ እያንዳንዱ ፊት ቆማ ስሙን ጠራች። ዳር ስትደርስ ተመልሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«እማዬ፣ እነዚህን እኮ ነግረሻቸዋል።»

«ተይኝ» አለች፣ ቁልፉን እንደያዘች። «ምናልባት እሱ አልሰማኝ እንደሆነ።»