ቆጣሪ አንባቢው የጻፈው መከራ

ስህተቱን ያዩት መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነቡ ነው። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ባሕር ማዶ ሆቴል የተቀጠረችው ምስኪን የአራት መቶ ክፍል አንሶላ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች።

«ከሰል?» አሉ እናትየዋ ብቻቸውን።

የእሳቸውም ልጅ የምትሠራው ባሕር ማዶ፣ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። አንሶላውን ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፍ ይዘው ለትልቅ ማሽን እንደሚያጎርሱት፣ በወዲያኛው በኩል ተተኩሶ እንደሚወጣ ስንቴ ነግራቸዋለች። ታዲያ ሁለት ጊዜ አንብበው ሁለቴም ሲያለቅሱ ከሰሉን ልብ አላሉትም። ልብ ያሉት ጅብ ከሄደ በኋላ ነው፤ ልጅቷን ሥራዋን ካስለቀቋት አራት ቀን አልፏል፣ ቅዳሜ ትገባለች።

ሰፈሩ «እትዬ ምን ሆነች» ይላቸዋል። ስልክ ከጮኸ ምን ሆነች፣ ካልጮኸም ምን ሆነች። ያም ሆኖ ልጃቸው ሦስት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» ስትላቸው ግማሽ በግማሽ ያምኗት ነበር። መጽሐፉ ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ «ደህና ነኝ የምትል ስደተኛ ደህና አይደለችም» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስትስቅ እንኳ እንባዋን የምትደብቅ መሰላቸው። «ካልመጣሽ እህል አልቀምስም» አሏት። ሦስት ሳምንት ተሟግታ ሲደክማት «እሺ እማዬ፣ አሸንፈሻል» አለች።

አሁን መጽሐፉን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ደራሲው ገሠገሡ። ደራሲው የሰፈሩ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ጎረቤት ግቢ ቆጣሪ ላይ አጎንብሶ አገኙት።

«አንተ! ከሰሉን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን ከሰል፣ እትዬ?»

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት!»

ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። «እሱማ የእርስዎ ነው። ቆጣሪ ላነብ ስመጣ ‹ማን ያውቃል፣ በከሰል ያስተኩሷት ይሆናል› አላሉኝም?»

«ፓስፖርቷ የተቃጠለውስ?»

«የእርስዎ።»

«እራቷን ውሻ የበላባትስ?»

«እሱ እንኳን የእኔ ነው» አለ፣ ኩራት እየተናነቀው።

እትዬ ምን ሆነች አጥሩን ተደገፉ። ለካ ያን ሁሉ ያነቡት የራሳቸውን ስጋት ነው፤ ያውም ገዝተው።

«ልጄን ራሷን አትጠይቃትም ነበር? ቁጥሯን ሰጥቼህ!»

«ደወልኩላት እኮ። አውቶቡስ ይዘገያል፣ እግሬን ያመኛል፣ አብራኝ የምታድረው ታንኮራፋለች አለችኝ። እትዬ ይሙቱ፣ በማንኮራፋት ማን ያለቅሳል?»

ይህን የሚለው ከመጨረሻው ቆጣሪ ወዲያ ተሻግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

ቅዳሜ ልጅቷ ገባች። ወፍራለች። እናቷ እቅፍ አድርገው ሲያበቁ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስበው ጠባሳ ፈለጉ። መጽሐፉን ያነበቡ ጎረቤቶች መሐረብ ይዘው መጡ፤ ጉንጯን አይተው ተያዩ።

«ለዚህች ነው እንዲያ የተንሰቀሰቅነው?» አለች አንዷ፣ ልክ እንደተታለለ ሰው።

ደራሲውም አዲስ ደብተር ይዞ ከተፍ አለ። «እህቴ፣ የደረሰብሽን ሁሉ ንገሪኝ። አትፍሪ።»

«ልንገርህ» አለች። «የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ልሆን ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። እናቴ ልብ ወለድ አንብባ አስለቀቀችኝ።»

ብዕሩን እንዳንጠለጠለ ጠበቀ። «ከዚያስ? የመታሽ የለም?»

«እሱን ጻፈው እንጂ! የደረሰብኝ እሱ ነው።»

ደብተሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። «ይሄ እንኳን» አለ፣ «አንባቢ አያምነውም።»

እሱም ጎረቤቶቹም ተራ በተራ ወጡ። ልጅቷ ያልተፈታ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ ሆቴሉ ደውለሽ ብትለምኛቸውስ?» አሉ እናቷ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«ቦታዬ በለቀቅኩ ማግሥት ለሌላ ተሰጥቷል። የመኖሪያ ፈቃዴም ከሥራው ጋር ነበር። እማዬ፣ እዚያ ደህና ነበርኩ።»

እናትየዋ በዚያ ሁሉ ዓመት የክፉ ክፉውን ሲያስቡ ይሄኛውን አንድም ቀን አላሰቡትም። ተነሡና፣ ክፉው ገና ከውጭ የሚመጣ ይመስል፣ በሩን ዘግተው ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞሩት።